ማስቶዶንን እየተለማመድኩ፦ እስካሁን የገባኝ

ማስቶዶን የተባለውን ማኅበራዊ መገናኛ መጠቀም ስጀምር ብዙ ተስፋ አልነበረኝም። ጥርጣሬዬ ሁለት መነሻዎች ነበሩት። አንደኛው፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ሁሉ ውሎ አድሮ አንድ ዓይነት ይሆናል የሚል እምነት ነው፤ ዕውቀት ለመገብየት ተብሎ የተከፈተ ገጽ ቀስ በቀስ ንዴት በሚቀሰቅሱ ጽሑፎች ሲሞላ በሌሎች መገናኛዎች ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ። ሁለተኛው የአሠራሩ ውስብስብነት ነው፤ ገና አካውንት ሳይከፈት የትኛው ሰርቨር (አካውንቱ የሚቀመጥበት፣ የራሱ አስተዳዳሪ ያለው ኮምፒውተር) እንደሚመረጥ የሚጠይቅ መገናኛ ለተራ ተጠቃሚ የታሰበ አይመስልም። ዛሬ ግን ስለ ከዋክብትና ስለ ሌሊት ሰማይ ለማንበብ ስፈልግ መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው። በዚሁ መንገድ ላይ ላሉ ጀማሪዎች ይጠቅም ይሆናል በማለት ሐሳቤን ያስቀየሩኝን ነገሮች እዚህ አሰፍራለሁ።

ማስቶዶንን እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ያደረገው ኦይገን ሮችኮ የተባለ በጀርመን የሚኖር ፕሮግራመር ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት በመሆኑ ግለሰብም ሆነ ተቋም የራሱን ሰርቨር ማቋቋም ይችላል፤ ሰርቨሮቹ እርስ በርስ የሚግባቡት ደግሞ አክቲቪቲፐብ በተባለና እ.ኤ.አ. በ2018 የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኅብረት ባጸደቀው ሥርዓት ነው። አንዱን የኢሜይል አገልግሎት የሚጠቀም ሰው ሌላውን ለሚጠቀም ወዳጁ መጻፍ እንደሚችል ሁሉ፣ እዚህም በአንድ ሰርቨር ላይ ያለ ሰው በሌላው ላይ ያለውን መከተልና መልስ መስጠት ይችላል። በመሆኑም የሰርቨር ምርጫ የሚመስለውን ያህል አያስጨንቅም። ሆኖም የሰርቨሩን ደንብ አስቀድሞ ማንበብ ይገባል፤ ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚነሣና የትኞቹ ሌሎች ሰርቨሮች እንደሚታገዱ የሚወስኑት አስተዳዳሪዎቹ ናቸውና።

ከሁሉ ይበልጥ ጥርጣሬዬን ያጠነከረው የገጹ ባዶነት ነበር። ማስቶዶን ዋናውን ገጽ የሚሞላው ተጠቃሚው በሚከተላቸው ሰዎችና ሃሽታጎች (በ# ምልክት የሚጀምሩ የርዕስ ቃላት) ብቻ ሲሆን፣ ቅደም ተከተሉም በጊዜ ነው፤ አዲሱ ከላይ፣ የቆየው ከታች ይሆናል። ይወደው ይሆናል ብሎ የማያውቀውን ሰው ጽሑፍ በመካከል የሚያስገባ አልጎሪዝም የለም። ብዙ ሰው እየተቀባበላቸው ያሉ ጽሑፎች የሚታዩት ለብቻው በተዘጋጀ ሌላ ገጽ ላይ ነው። ማንንም ያልተከተለ ሰው እንግዲህ ምንም አያገኝም።

ባዶነቱ ግን ሌላም ምክንያት አለው፤ ይህን መረዳቴ ከሁሉ በላይ ረድቶኛል ብል ማጋነን አይሆንም። አንድ ሰርቨር በሌሎች ሰርቨሮች ላይ የሚጻፈውን ሁሉ አያውቅም፤ በአብዛኛው የሚደርሰው የራሱ ተጠቃሚዎች ከሚከተሏቸው ሰዎች የሚመጣው ነው። ስለዚህ በእኔ ሰርቨር ላይ ማንም የማይከተለው አንድ የሥነ ፈለክ ባለሙያ በሌላ ሰርቨር ላይ በየዕለቱ ቢጽፍ፣ እሱ የሚጠቀምበትን ሃሽታግ እየተከተልኩ እንኳ ጽሑፉ ላይደርሰኝ ይችላል። ስሙን ፈልጌ ገጹን ብከፍትም አብዛኞቹ የቀድሞ ጽሑፎቹ ላይታዩ ይችላሉ። ከተከተልኩት በኋላ ግን የሚጽፈው ወደ እኔ ሰርቨር መምጣት ይጀምራል፤ በዚያው ሰርቨር ላይ ያንን ሃሽታግ የሚከተሉ ሌሎች ሰዎችም ያገኙታል። ሰውን መከተል ለራስ ብቻ የሚደረግ ምርጫ አለመሆኑን፣ ለማላውቃቸው አንባቢዎችም በር እንደሚከፍት ሳስተውል ለመገናኛው ያለኝ አመለካከት ከሥሩ ተለወጠ።

ከዚያ በኋላ የተከተልኩት አካሄድ ቀላል ነው። መጀመሪያ ጥቂት ሃሽታጎችን መከተል፣ በእነሱ ሥር ጥሩ የሚጽፉትን ለይቶ ሰዎቹን ራሳቸውን መከተል፣ ሃሽታጉ ከሚፈለገው በላይ ጽሑፍ ማምጣት ሲጀምር ደግሞ እሱን መተው። በጊዜ ቅደም ተከተል መሄድ የራሱ ችግር አለው፤ በቀን ብዙ የሚጽፍ ሰው በወር አንድ ጊዜ ትልቅ ነገር የሚጽፈውን ይሸፍነዋል። ለዚህ መፍትሔ የሆነኝ ዝርዝር የማዘጋጀት አማራጭ ነው። አብዝተው የሚጽፉትን በአንድ ዝርዝር ውስጥ አስገብቼ ከዋናው ገጽ እንዲወጡ አደረግሁ፤ ጊዜ ሲኖረኝ ለብቻቸው አነባቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ የምወዳቸው ጸሐፊዎች አብዛኞቹ አልፎ አልፎ ብቻ የሚጽፉት ናቸው።

የመውደድ ምልክቱ የሚሠራበት መንገድም መልካም ልማድ አስተምሮኛል። አንድን ጽሑፍ መውደድ ጸሐፊውን ከማስደሰት በቀር ጽሑፉን በሰዎች ዋና ገጽ ላይ ከፍ አያደርገውም። ጽሑፉ እንዲዳረስ የሚፈልግ ሰው ለተከታዮቹ መልሶ ማጋራት አለበት። ስለዚህ አሁን ከማጋራቴ በፊት እስከ መጨረሻው አነባለሁ። የሰውን ጽሑፍ ጠቅሶ የራስን አስተያየት ከላይ መጨመር ለረጅም ጊዜ አይቻልም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ሲፈቀድም ጸሐፊው ማን ሊጠቅሰው እንደሚችል ራሱ እንዲወስን ተደርጎ ነው። ይህ ጥንቃቄ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሰውን በአደባባይ ለማሳፈር የሚውለው ብዙውን ጊዜ ይኸው መሣሪያ ነው።

ያልጠበቅሁት ትልቁ ትርፍ የመጣው ከፎቶግራፍ ነው። እዚያ ያሉ ብዙ ሰዎች ከፎቶ ጋር የጽሑፍ መግለጫ ማያያዝን እንደ ግዴታ ይቆጥሩታል፤ ማየት የተሳናቸው ተጠቃሚዎች በድምፅ የሚያነብላቸው መሣሪያ መግለጫውን ያሰማቸዋል። የጨረቃን ፎቶ ሳጋራ «ጨረቃ» ብሎ መተው እንደማይበቃ ተረድቼ፣ ጥላው በየት በኩል እንደወደቀ፣ የትኞቹ ጠቆር ያሉ ሜዳዎች እንደሚታዩ፣ በብርሃኑና በጨለማው ድንበር ላይ የጉድጓዶቹ ጠርዝ እንዴት ጎልቶ እንደወጣ መጻፍ ጀመርኩ። ይህን ለመጻፍ ፎቶውን ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል፤ የሰማይ ዕይታዬ የተሻሻለው ከማንኛውም ነገር ይልቅ በዚህ ልምምድ ነው። የአንድ ጽሑፍ የተለመደው ጣሪያ 500 ፊደል ሲሆን፣ የአማርኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ በእኛ ቋንቋ የጀመሩትን ሐሳብ ለመጨረስ በቂ ቦታ ይገኛል።

ለጀማሪ ሊነገር የሚገባ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ለግለሰብ የሚላክ መልእክት ከዳር እስከ ዳር የተመሰጠረ አይደለም፤ የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ከፈለገ ሊያየው የሚችልበት ቴክኒካዊ ዕድል አለ። በመልእክቱ ውስጥ የሦስተኛ ሰው አካውንት ከተጠቀሰም መልእክቱ ለዚያ ሰው ይደርሰዋል። ምስጢር የሆነ ጉዳይ በሌላ መንገድ ይላክ።

አሁን እየተማርኩ ያለሁት ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ መዛወርን ነው። ተከታዮች አብረው ይዛወራሉ፣ የሚከተሏቸው ሰዎች ዝርዝርም በፋይል ይወጣል፤ የቀድሞ ጽሑፎች ግን በነበሩበት ይቀራሉ። ስለዚህ ረዘም ያሉትን የምልከታ ማስታወሻዎቼን ከመዛወሬ በፊት አውርጄ ለብቻቸው እያስቀመጥኩ ነው።