ተራራው በተዘጋባቸው ቅዳሜዎች

ኩገር ማውንቴን የሚባለው ተራራ በአውሎ ነፋስ ምክንያት ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ ስለ ዛፍ ያወቅኩት፣ ሲያትል አካባቢ በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ካወቅኩት ይበልጣል። ሳልረሳው ልጻፈው።

አውሎ ነፋሱ የመጣው ኖቬምበር 19 ቀን 2024፣ ማክሰኞ ማታ ነው። በእኛ አቆጣጠር ህዳር 10 ቀን 2017። የአየር ትንበያ ባለሙያዎቹ "ቦምብ ሳይክሎን" አሉት። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ የአየር ግፊት ጉዳይ ነው። የአውሎ ነፋሱ መሃል ግፊቱ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ 24 ሚሊባር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ይህ ስም ይሰጠዋል። የዚያን ቀኑ መሃሉን ፓሲፊክ ላይ፣ ከባሕር ዳርቻው ራቅ አድርጎ ነበር። እዚያው ሆኖ ከእኛ በስተምሥራቅ ካሉት ከካስኬድ ተራሮች ማዶ ያለውን አየር በየሸለቆው እየሳበ በእኛ ላይ ለቀቀው።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አካባቢ ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ወይም ከደቡብ ምዕራብ ነው። ዛፎቹ ከችግኝነታቸው ጀምሮ ያንን ሲመክቱ ነው ያደጉት። ሥራቸውን የሰደዱትም፣ ግንዳቸውን ያጠነከሩትም ለእሱ ነው። ያን ማታ ነፋሱ ከምሥራቅ መጣ፣ ባልተዘጋጁበት በኩል። ስንት ዓመት ስንት ማዕበል ያሳለፉ፣ ዳግላስ ፈር የሚባሉ ጥድ መሰል ግዙፍ ዛፎች ከነሥራቸው ተነቀሉ። ኢነምክሎ በምትባለው ከተማ አካባቢ ነፋሱ በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። በዋሽንግተን ግዛት ወደ 600,000 የሚጠጉ ደንበኞች መብራት ጠፋባቸው። ሊንዉድና ቤልቪው በሚባሉት ከተሞች ሁለት ሴቶች ዛፍ ወድቆባቸው ሞቱ፤ የቤልቪዋ እዚያው ቤቷ ውስጥ እያለች ነው። ነፍሳቸውን ይማር።

እማዬ ከደብረ ብርሃን ከመጣች ገና ወር አልሞላትም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ከሩቅ ጧ የሚል ድምፅ እንሰማ ነበር። እሷ ተኩስ መስሏት ደነገጠች። ዛፍ ነው ብላት አላመነችኝም። ነጋና ከመንገዱ ማዶ አንዱ ዛፍ አጥር ላይ ተጋድሞ ስታየው አማተበች።

ህዳር ሚካኤልን በሻማ አሳለፍን። እማዬ ቡናውን በረንዳ ላይ በከሰል አፈላችና ብርዱ ሲበዛባት ምድጃውን ወደ ውስጥ ላስገባው አለች። እዚህ ላይ ቆፍጠን አልኩ። በ2006 እ.ኤ.አ. ዲሴምበር ላይ እንዲህ ያለ ማዕበል መብራት አጥፍቶ፣ ቤት ውስጥ ከሰል ያነደዱ ሰዎች በጋዙ ሞተዋል። ከሟቾቹ ውስጥ እንደኛ ከሌላ አገር የመጡ ነበሩበት። ይሄን የምጽፈው ለሚያነብ ወገን ሁሉ ነው። የከሰል ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም። መስኮት ከፈት ማድረግም አያድንም። እባካችሁ ከሰል ቤት አታስገቡ።

ቅዳሜ ሲደርስ እግሬ ወደ ተራራው አለ። ከኢሳኳ ከተማ ዙሪያ ያሉት ኩገር፣ ስኳክ እና ታይገር "ኢሳኳ አልፕስ" ነው የሚባሉት። የኔው ኩገር ነው። ለእኛ ለሬንተን ሰዎች ቅርብ ነው፤ ከሬድ ታውን መግቢያ ተነስቶ እንደ ጉልበትህ መሄድ ነው። ቦታው ለመቶ ዓመት ያህል የድንጋይ ከሰል ማዕድን ነበር። አሁንም መሬቱ የሰመጠባቸው ጉድጓዶች በአጥር ታጥረው ይታያሉ። እዚያ ነው የሳምንቱን ድካም የማራግፈው። ከሥራ የተጣላሁ ጊዜ፣ አባዬ ያረፈ ጊዜ፣ ለቅሶ ቤቱ ሲበተንና ቤቱ ጭር ሲልብኝ፣ የሄድኩት እዚያ ነው።

መግቢያው በቴፕ ታጥሯል። "ተዘግቷል" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከበሩ ላይ ሆኜ ወደ ውስጥ ስመለከት መንገዱ የለም። የማውቀው መንገድ በነበረበት ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ ተቆልሏል።

ብዙ ሰው እንደሚያስበው እኔም መዝጋት የቢሮ ሰው ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አንዱ "በጎን ገብተን እንሞክረው፣ ማን ያየናል?" ብሎ ጻፈ። ሁለት ሦስት ሰው አውራ ጣት አደረገለት። እኔ ዝም አልኩ፤ መልስ ስላልነበረኝ። መልሱን ያገኘሁት በኋላ፣ የተራራ የእግር መንገዶችን የሚጠግነው ዋሽንግተን ትሬልስ አሶሴሽን በሚያዘጋጀው የበጎ ፈቃድ ሥራ ላይ ነው። ድርጅቱ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ትመዘገባለህ፣ አረንጓዴ የራስ ቆብ ይሰጡሃል፣ መቁረጫና አካፋ ትይዛለህ። የሞተር መጋዙን የሚነኩት ሰልጥነው ፈቃድ ያላቸው ብቻ ናቸው።

አንዲት ጠና ያለች ሴት ነበረች መጋዝ የያዘችው። መንገዱን ያቋረጠ ግንድ ፊት ቆመች። መጋዙን አስነስታ ትጀምራለች ብዬ ስጠብቅ አላስነሳችም። ዞረችው። ጎንበስ ብላ ከሥሩ አየች። ቀና ብላ ላዩ ያሉትን ዛፎች ረጅም ጊዜ አየች። ግንዱ ሁለት ጉብታ ላይ አርፎ መሃሉ ተንጠልጥሏል። ከላይ ያለው ወገን ተጨምቋል፣ ከታች ያለው እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ከላይ ብቻ ከተቆረጠ ግንዱ መጋዙን ነክሶ ይይዛል። ስለዚህ ከላይ ትንሽ ቆርጣ አቆመች፤ ከዚያ ከታች ወደ ላይ ጨረሰችው። ሲለያይ የሰጠው ድምፅ ደረቴ ላይ ተሰማኝ።

ከዚያ ከነሥሩ ወደ ተነቀለ ሌላ ዛፍ ወሰደችን። ሥሩ ከነአፈሩ ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል፤ ከሥሩ ጉድጓድ አለ። "ግንዱ ሲቆረጥ ይሄ ሥር ተመልሶ ሊተኛ ይችላል። ሰው እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ከቆመ አለቀለት" አለችን። ቀጥላ ወደ ላይ አሳየችን። የተሰበሩ ቅርንጫፎች ሌላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው ቀርተዋል። ነፋስ ባይኖርም፣ ማንም ባይነካቸውም፣ በፈለጋቸው ሰዓት ይወርዳሉ። ማዕበሉ ካለፈ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን።

ያኔ ገባኝ። በቴፑ ሥር ሾልኮ የሚገባ ሰው የሚያየው መሬት ላይ ያለውን ብቻ ነው። ያንን እዘለዋለሁ ይላል። የሚገድለው ግን ከላይ ያለው ነው። እሱ ሲጎዳ ደግሞ ያንኑ ባልጸዳ መንገድ ቃሬዛ ተሸክሞ የሚገባ ሰው አለ። ብዙ ጊዜ ያም በጎ ፈቃደኛ ነው፣ ቤተሰብ ያለው። ይሄንኑ ግሩፑ ላይ ጻፍኩት። ያ ልጅ ደወለልኝና ረጅም ሰዓት አወራን።

መንገዶቹ በየተራ መከፈት ሲጀምሩ እማዬን ይዣት ሄድኩ። ነጠላዋን በጃኬቷ ላይ አጣፍታ ቀስ እያለች ወጣች። ግራና ቀኝ የተቆረጡት ግንዶች እንደወደቁ ተኝተዋል። የተቆረጠው መንገዱን የዘጋው ክፍል ብቻ ነው። ቆመች።

"ይኼን ሁሉ እንጨት ትተውት ሊሄዱ ነው?"

"አዎ እማዬ። እዚሁ ይበሰብሳል።"

"እኔን! ግንዱን እንተወው፣ ጭራሮውን የሚለቅም እንኳ ይጥፋ?"

አልፈረድኩባትም። ኩበት አንድዳ ነው ያሳደገችን። ደብረ ብርሃን ላይ የወደቀ ዛፍ አያድርም፤ ለማገዶው፣ ለአጥሩ፣ ለቤት ማገሩ ይፈለጋል። እጇን ይዤ ጥቂት ወደፊት ወሰድኳትና አንድ በጣም ያረጀ ግንድ አሳየኋት። በቁሙ ሳለ አጠገቡ ብንቆም ጉንዳን እንመስል ነበር። ላዩን አረንጓዴ የዛፍ ሽበት ወርሶታል። በጀርባው ላይ ደግሞ ሄምሎክ የሚባለው ዛፍ ችግኞች ተሰልፈው በቅለዋል። ጫካው ውስጥ መሬቱ በረገፈ ቅጠልና በዕፅዋት ስለተሸፈነ ዘሩ ቦታ አያገኝም፤ የበሰበሰው ግንድ ላይ ግን እርጥበትም ብርሃንም ያገኛል። ትልልቆቹ ሄምሎኮች በአንድ መስመር ተደርድረው ሲታዩ፣ ድሮ ከሥራቸው እንዲህ ያለ ግንድ ነበር ማለት ነው።

እማዬ ችግኞቹን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። አንዷን እንዳትነቅላት እየተጠነቀቀች።

"ይሁና" አለች። "ግን አንድ ሸክም ቢወስዱ ምን ይሆናል?"

ሳቅንና መውጣታችንን ቀጠልን።

የመንገድ ሥራ ግን አያልቅም። ውሃ መውረጃዎቹ በቅጠልና በጭቃ ተደፍነዋል፣ በአካፋ ነው የሚጸዱት፣ ለዚህ ደግሞ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ጉልበት ብቻ። የፊታችን ቅዳሜ ከግሩፑ የተወሰንን ተመዝግበናል። "ማን ያየናል?" ያለው ልጅም አለበት። ከሬንተን መኪናዬ ውስጥ ቦታ አለኝ። ጓንትና የዝናብ ጃኬት ያዙ፣ ጫማችሁ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ይሁን። ምሳውን እማዬ ትሠራለች፤ የጾም ነው።