ዶሮው የሱ ነበር

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ግላስጎው ያላችሁም፣ አገር ቤት ያላችሁም፣ ፈረቃ ላይ ሆናችሁ በስልክ የምታነቡም።

ይህን የምጽፈው ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። በየመሃሉ እጄን ታጥቤ እመለሳለሁ። ዓምና በዚህች ሰዓት የሚከትፈው ጓደኛዬ ነበር፤ ስልኩን የበርበሬው ጣሳ ላይ አስደግፎ፣ የሊቨርፑልን የድሮ ጨዋታ እያየ፣ እንባውን በክንዱ እየጠረገ። አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ስሙን አልጽፍም፤ እናቱ ባየችው ቁጥር ታለቅሳለች። መጋቢት ላይ ነው ያጣነው።

የሊቨርፑሉን ተከላካይ አንዲ ሮበርትሰንን (ሮቦን) ሲወደው ለጉድ ነበር። "የኛ ሰው ነው" ይለኛል። ሮቦ የዚሁ የግላስጎው ልጅ ነው። የከተማው ትልቅ ክለብ ሴልቲክ በ15 ዓመቱ ሰውነትህ ትንሽ ነው ብሎ አሰናበተው። ከዚያ ኩዊንስ ፓርክ ገባ፤ ያኔ ተጫዋቾቹ ደሞዝ የማይከፈላቸው ክለብ ነው። ጎን ለጎን ሃምፕደን ስታዲየም ስልክ እያነሳ ትኬት ይሸጥ ነበር። በፈረንጆቹ 2012፣ ገና 18 ዓመቱ ሳለ፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ገንዘብ መኖር ያስጠላል፣ ሥራ እፈልጋለሁ ብሎ ትዊተር ላይ ጻፈ። ጓደኛዬ ያቺን ጽሑፍ ስክሪንሾት አድርጎ ይዟት ይዞር ነበር። መኖሪያ ፈቃዱን ሲጠብቅ፣ ሥራ መሥራት ሳይፈቀድለት ቁጭ ብሎ ቀን ሲቆጥር፣ ሲጨንቀው ስልኩን አውጥቶ "እየው፣ ሃምፕደን ስልክ አንሺ ነበር እኮ" ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ዳንዲ ዩናይትድ፣ ሃል ሲቲ፣ ከሃል ጋር ሁለቴ ከፕሪሚየር ሊግ መውረድ፣ በ2017 በ8 ሚሊዮን ፓውንድ ሊቨርፑል። ማድሪድ ላይ ቻምፒየንስ ሊግ፣ ሁለት የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ፣ የስኮትላንድ አምበልነት። እሱ ግን ከዋንጫዎቹ ይልቅ የሚያወራው በጃንዋሪ 2018 ማንቸስተር ሲቲን 4 ለ 3 ስላሸነፉበት ጨዋታ ነው። ሮቦ ኳሷን ብቻውን እያሳደደ፣ ከአንዱ ተጫዋች ወደ ሌላው፣ እስከ ግብ ጠባቂው ድረስ የሮጣት ሩጫ። "ማንም ሂድ አላለውም እኮ!" ይል ነበር፣ መቶ ጊዜ አይቷት እንኳ።

ሌላው ለተቸገረ ሰው ምግብ በነፃ የሚሰጠው የምግብ ባንክ ነገር ነው። ሮቦ 21 ዓመት ሲሞላው ስጦታ አትግዙልኝ፣ ለምግብ ባንክ ስጡልኝ ብሎ ነበር። ጓደኛዬ እዚህ እንደመጣ የመጀመሪያዎቹን ወራት የበላው ከምግብ ባንክ ነው። ሥራ ሲያገኝ በመጀመሪያ ደሞዙ ሩዝና ዘይት ገዝቶ እዚያው ተመለሰ። ካርቶኑን አብሬው ስለተሸከምኩ አውቃለሁ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የሊቨርፑሉ አጥቂ፣ የሮቦ ጓደኛ ዲዮጎ ጆታ ከወንድሙ ጋር በመኪና አደጋ ሞተ። 28 ዓመቱ ነበር፤ ካገባ 11 ቀኑ። ቀብሩ ላይ የሊቨርፑሉ አምበል ቫንዳይክ የጆታን 20 ቁጥር፣ ሮቦ ደግሞ የወንድሙን 30 ቁጥር በአበባ ተሠርቶ ይዘው ገቡ። ከሥራ ስመለስ ባስ ውስጥ አየሁት። እኛ የኛን ልጅ ወደ አገሩ ስንሸኝ እኔ እጄ ላይ የነበረው የሮቦ ቁጥር ያለበት 26 ቁጥር ማሊያው ነው። ሳጥኑ ከሄደ በኋላም ይዤው ቆሜ ነበር።

ዓምና ዶሮውን እየበላን ምን ብሎ ነበር መሰላችሁ? "ስኮትላንድ ለዓለም ዋንጫ ካለፈች፣ የሚቀጥለውን ገና ዶሮ ብቻዬን ነው የምሠራው፣ ማንም ኩሽና እንዳይገባ!" ከ1998 ወዲህ አልፋ አታውቅም ነበር። ኅዳር 9 ማታ ሃምፕደን ላይ፣ ከዴንማርክ ጋር 2 ለ 2 ሆነው መደበኛው ሰዓት አለቀ። በጭማሪው ደቂቃ የስኮትላንዱ ቲርኒ ከቅጣት ክልል ውጪ አገባ። ከዚያ ጓደኛው ማክሊን ከግማሽ ሜዳ ለቀቃት፣ 4 ለ 2! ጎረቤቴ በሬን አንኳኳ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከ"ደህና ዋልክ" በላይ ተናግሮኝ የማያውቅ ሽማግሌ ነው። አቀፈኝና አለቀሰ።

ከዚያ ሮቦ ካሜራ ፊት ቆመ። ቀኑን ሙሉ ጆታን ከሐሳቤ ማውጣት አልቻልኩም አለ። ስለ ዓለም ዋንጫ አብረው ብዙ ያወሩ ነበር፤ የ2022ቱ ለጆታ በጉዳት፣ ለሮቦ ደግሞ ስኮትላንድ ባለማለፏ አምልጧቸዋል። ከቡድን ጓደኞቼ ደብቄው እንጂ ክፍሌ ውስጥ ተሰባብሬ ነበር አለ። አምበል ነው፣ ያን ቀን ሌሎቹን ማበርታት ነበረበት። ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ጨለማ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ውጭ ከተማው ይጮሃል።

ሆስፒታል ወንበር ላይ አራት ሌሊት ያደርሽው እህታችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አስከሬኑ እንዲሄድ ቤት ለቤት ዞራችሁ ገንዘብ ያሰባሰባችሁ፣ እናንተንም። ሳልጠይቅህ ፈረቃዬን የሸፈንክልኝ ኤርትራዊው ወንድሜ፣ ያንን ሳምንት መቼም አልረሳልህም። እማማ፣ ይህን የሚያነብልዎት ሰው ካለ፣ እንኳን አደረስዎት፤ ነገ እደውላለሁ። ፈቃድ እየጠበቃችሁ ያላችሁ ልጆች፣ ዘንድሮ ይለቅላችሁ። ስክሪንሾቷ እኔ ጋ አለች፣ የፈለገ ይጠይቀኝ።

ለሮቦም እመኛለሁ። በፈረንጆቹ 2025/26 የውድድር ዓመት ሊቨርፑል ውስጥ ቦታው ላይ ከርከዝ የሚባል ተከላካይ መጥቶበት ብዙ ጊዜ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው። በ2026ቱ ዓለም ዋንጫ የስኮትላንድ ምድብ ሃይቲ፣ ሞሮኮና ብራዚል ናቸው። ጉዳት አያግኘው ብቻ።

ዶሮውን እኔ እየሠራሁት ነው፣ በሱ አሠራር፣ 12 እንቁላል። ከቅዳሴ መልስ በሩ ክፍት ነው፣ ኑ። ጎረቤቴንም ጠርቼዋለሁ፤ በርበሬ እችላለሁ ብሏል።