በስፌት ፋብሪካ ውስጥ ስድብን ለመቀነስ የሄድንበት መንገድ

በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ከደመወዝ ጥያቄ ይልቅ ያታገለኝ በምርት መስመሮቹ ላይ የሚሰማው ስድብ ነበር። ሥራ የሚለቁት የስፌት ማሽን ኦፕሬተሮች፣ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች፣ በመልቀቂያ ቅጹ ላይ «የቤተሰብ ጉዳይ» ብለው ይጽፋሉ፤ ረጋ ብዬ ስጠይቃቸው ግን «ደደብ»፣ «ገጠሬ» መባል እንዳንገሸገሻቸው ይነግሩኝ ነበር።

ማኔጅመንቱ ስለ ሥነ ምግባር የግማሽ ቀን ሥልጠና እንዳዘጋጅ ቢጠይቀኝም አልተስማማሁም። ተሳዳቢዎቹ ሱፐርቫይዘሮች ስድብ ነውር መሆኑ ጠፍቷቸው አይደለም፤ እንግዳ ሲመጣ ከመቀመጫቸው ብድግ የሚሉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከሠራተኞች መሠረታዊ ማኅበር ተወካይ ጋር ሆነን ስድቡ የትና በምን ሰዓት እንደሚነሣ መከታተል ያዝን። አብዛኛው የሚነሣው የዕለቱ ታርጌት ሳይሞላ ሰዓቱ ሲገፋና የጥራት ተቆጣጣሪዋ የተበላሸ ልብስ ስትመልስ ነበር። ኮሌታው የተጣመመ ሸሚዝ ሲገኝ ከፍ አድርጋ እያሳየች «ይህ የማን ሥራ ነው?» ትላለች፤ ሱፐርቫይዘሩ ነጥቆ ኦፕሬተሯ ማሽን ላይ ይወረውረዋል፤ መስመሩ በሙሉ ዞሮ ያያል። ይህን አስቀርተን ጉድለቱ ባለበት ቦታ ላይ ቀይ ምልክት ተለጥፎ፣ ልብሱ በቅርጫት ሆኖ በረዳት ሠራተኛ እጅ እንዲመለስ፣ ስህተቱም ማሽኑ አጠገብ እንዲነገር አደረግን። በዚያ ሁሉ የማሽን ድምፅ ውስጥ ሳይጮኹ ለመነጋገር ጠጋ ማለት ግድ ነው፤ ጠጋ ብሎ ደግሞ ዓይን ለዓይን እየተያዩ መሳደብ ይከብዳል።

የቅሬታ ሣጥኑ ቢሮ በር ላይ ሁሉም በሚያየው ቦታ የተሰቀለ በመሆኑ ባዶውን ይከርም ነበር። በእርሱ ምትክ ያቺው የማኅበሩ ተወካይ ቅሬታውን እየሰማች እንድትመዘግብ አደረግን። «አመናጨቀኝ» የሚለው ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ስለማይበቃ የተነገረው ቃል እንዳለ፣ ከነቀኑና ከሰሚዎቹ ጋር ይጻፍ ነበር። አንድ ሱፐርቫይዘር «እኔም እየተሰደብኩ ነው ሥራ የለመድኩት» ብሎ ተከራከረ፤ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስላልታረመ ሰው ወደማያዝበት ሥራ ተዛወረ።

ማኔጅመንቱን ያሳመነው ሕጉ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ አንቀጽ 32 ደግሞ አሠሪው ሰብዓዊ ክብሩንና ሞራሉን የሚነካ ድርጊት የፈጸመበት ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅድለታል። ይህ መብት በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ስለሚቀር፣ ቅሬታዎች ከዚያ በፊት እልባት እንዲያገኙ የጊዜ ገደብ አስቀመጥን። «አንዴ አምልጦኝ ነው» ለሚሉትም መልስ ያገኘሁት እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 190 ነው፤ ስምምነቱ አንድ ጊዜ የተፈጸመ ድርጊትም ትንኮሳ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ይናገራል።

ከስድቡ ይልቅ ያስቸገረን ድምፅ የሌለው በደል ነበር። ቅሬታ ያስመዘገበች ልጅ በማግስቱ ከባዱ ስፌት ይሰጣታል፣ ወደ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ የሚያዘውን ካርድ ስትጠይቅም «ቆይ» ትባላለች። ካርዱን ከሱፐርቫይዘሩ እጅ አውጥተን በመስመሩ ጫፍ ባለው ምሰሶ ላይ ሰቀልነው። የሥራ ድልድሉን ግን ምሰሶ ላይ መስቀል አይቻልም፤ እስከ መጨረሻው ያጨቃጨቀን እርሱ ነው።

ቆይተው ሱፐርቫይዘሮቹም ቅሬታ ማስመዝገብ ጀመሩ። በጠዋቱ የምርት ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ የሚያወርድባቸውን ውርጅብኝ ነበር ቀኑን ሙሉ ወደ ታች የሚያስተላልፉት። ስብሰባው ቃለ ጉባኤ እንዲያዝለትና የማኅበሩ ተወካይም እንድትገኝበት ያስወሰንኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ለሳምንታት ካኮረፈኝ በኋላ ለመደው።