ዋሽንግተን ተቀምጦ ሴናተር ማጣት

አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ ስለ ቪዛ ወይም ስለ ማዕቀብ አንድ ወሬ በሰሙ ቁጥር «አንተ እዚያው ዋሽንግተን ተቀምጠህ ሴናተርህን አታናግርም እንዴ?» ይሉኛል። ሴናተር የለኝም ስላቸው የምቀልድ ይመስላቸዋል። እያንዳንዱ ግዛት፣ ሕዝቡ በዛም አነሰም፣ ሁለት ሁለት ሴናተር ሲኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ግን ግዛት ባለመሆኗ አንድም የላትም፤ 435 ድምፅ ሰጪ አባላት ባሉት የተወካዮች ምክር ቤት ያለን አንድ ተወካይም በኮሚቴ ይከራከራል እንጂ ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አይሰጥም። ለዜግነት ፈተና «ከግዛትህ ሴናተሮች የአንዱን ስም ጥቀስ» የሚለውን ጥያቄ ሳጠና፣ ለዲሲ ነዋሪ ትክክለኛው መልስ «የለንም» እንደሆነ አንብቤ ስቄአለሁ።

ሳቄ የጠፋው በ2007 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲና ተጠያቂነት የተረቀቀው፣ ኤች አር 2003 የተባለው ሕግ በጥቅምት ወር የተወካዮችን ምክር ቤት ሲያልፍ፣ ነገሩ ያለቀ ይመስል እልልታውን ያቀለጠው ወገናችን ብዙ ነበር፤ ሴኔቱ ያንኑ ረቂቅ ካላጸደቀው ግን ከወረቀትነት አያልፍም። እኔም ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ አቤቱታዬን ይዤ ወደ አንድ ሴናተር ቢሮ ሄድሁ። እንግዳ ተቀባዩ፣ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ፣ ከስሜ አስቀድሞ ዚፕ ኮዴን፣ ማለትም የመኖሪያ ሰፈሬን የፖስታ ቁጥር፣ ጠየቀኝና እንደነገርሁት ብዕሩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ፤ «የኛ መራጭ አይደሉም፤ ስለመጡ ግን እናመሰግናለን» አለኝ በፈገግታ። አገር ቤት ደጅ ስንጠና የማን ዘመድ እንደሆንን ይጣራል፤ እነዚህ ደግሞ በዚፕ ኮድ ይዘምዳሉ። ሴኔቱ ድምፅ ሳይሰጥበት የኮንግረሱ፣ ማለትም የሁለቱም ምክር ቤቶች፣ ዘመን በጥር 2009 አለቀና ረቂቁ አብሮ ሞተ።

ይህ አዝጋሚነት በሕገ መንግሥቱ ሆን ተብሎ የተበጀ መሆኑን አደንቃለሁ፤ ፕሬዚዳንቱ እንኳ ሁለቱም ምክር ቤቶች ያጸደቁትን ቢመልሰው፣ በየምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከተገኘ ሕግ ይሆንበታል። ለዓለም ስለ ውክልና የሚሰብክ አገር የገዛ ዋና ከተማውን ነዋሪ ግብር አስከፍሎ ድምፅ መንሳቱ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዲቪ የምትሞሉ ወገኖቼም «ኮንግረስ ዲቪን አስቀረው» የሚል ደላላ ሲመጣባችሁ፣ የትኛው ምክር ቤት ብላችሁ ጠይቁት። ዲቪ በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የቆመ ነው፤ በታኅሣሥ 2005 የተወካዮች ምክር ቤት እንዲቀር ቢወስንም ሴኔቱ ስላልተከተለው አልቀረም። ፕሬዚዳንት በ2020 እንደታየው አፈጻጸሙን ሊያግድ ይችላል፤ ሕጉን ብቻውን አይሽረውም። ደርሷችሁ ወደዚህ አካባቢ ከመጣችሁ ደግሞ ዲሲ ከመከራየት መንገድ ተሻግራችሁ በሜሪላንድ ግዛት ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ብትገቡ፣ የፌዴራሉ ግብር ያው ሆኖ፣ ሁለት ሴናተርና ድምፅ ያለው ተወካይ ይኖራችኋል።