ባሕር የሌለበት አሁን

"አሁን ላይ ኑር" የሚለውን ምክር ስሰማ ትንሽ ይደብረኛል። ምክሩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አቀራረቡ ነው። ሁሌ ከጀምበር መጥለቂያ ፎቶ ጋር ነው የሚመጣው። አንዲት ሴት ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ትተነፍሳለች፣ ከኋላዋ ባሕር አለ። እዚያ ቦታ ላይማ ማን አሁን ላይ መኖር ያቅተዋል? የእኔ አሁን ግን አብዛኛውን ጊዜ ባሕር የለበትም። ሰልፍ ነው። የተከመረ ልብስ ነው። ማለቂያ የሌለው ስብሰባ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮርኒሱ ላይ ማፍጠጥ ነው።

ነገሩ ሲጀመርም እኮ ለባሕር ዳር ሰዎች አልነበረም። ዛሬ በየቦታው የምንሰማው የጥሞና ሥልጠና፣ ማለትም ልብን አሁን እየሆነ ባለው ነገር ላይ የማሳረፍ ልምምድ፣ ወደ ሕክምናው ዓለም የገባው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ጆን ካባት-ዚን የሚባል ሰው አሜሪካ ውስጥ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ፕሮግራም ሲጀምር። ከመጡለት ሰዎች ብዙዎቹ ሕክምናው ሊያስወግድላቸው ያልቻለው ሕመም ያለባቸው ነበሩ። የእነሱ አሁን የሚያም አሁን ነው። እና የተባሉት "ሕመሙን እርሱት" አይደለም፤ በተቃራኒው ዞር ብላችሁ እዩት ነው የተባሉት። ይህን ካወቅኩ በኋላ ፎቶዎቹን ይቅር ብያለሁ።

አእምሮ ለምን እንደሚሸሽ ግን ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 ማቲው ኪሊንግስዎርዝ እና ዳንኤል ጊልበርት የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ወደ 2,250 ለሚሆኑ ሰዎች ባላሰቡት ሰዓት በስልካቸው ጥያቄ እየላኩ ያደረጉት ጥናት አለ። ምን እየሠራህ ነው? ሐሳብህ እሱ ላይ ነው ወይስ ሌላ ቦታ? ደስ ብሎሃል? ከመልሶቹ በ46.9 በመቶው የሰዎቹ ሐሳብ ሌላ ቦታ ነበር። እኔን የያዘኝ ግን ቁጥሩ ሳይሆን ሌላው ግኝት ነው። ሐሳባቸው ደስ ወደሚል ነገር የኮበለለባቸው ሰዎች እንኳ እዚያው ካሉት የበለጠ ደስተኛ አልነበሩም። ወደ መጥፎ ወይም ወደ ተራ ነገር ሲኮበልልማ ባሰባቸው። ማለትም በቁም መቃዠቱ አያዋጣም፣ እኛ ግን እንቃዣለን።

ከራስ ጋር ብቻ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብድ ያየሁት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ቲሞቲ ዊልሰን እና ባልደረቦቹ ባወጡት ሙከራ ነው። ሰዎችን ለ15 ደቂቃ ባዶ ክፍል ውስጥ አስቀመጧቸው። ስልክ የለም፣ የሚነበብ የለም። ያለው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ከተጫኑት በኤሌክትሪክ ይነዝራል። ሰዎቹ ቀድመው ቀምሰውታል፣ "ገንዘብ ከፍዬም ቢሆን ዳግም እንዳይነካኝ" ብለዋል። ከ24 ሴቶች ስድስቱ፣ ከ18 ወንዶች ደግሞ 12ቱ ተጫኑት። (እኛ ወንዶች ግን ምን ነክቶን ነው?) ሰልፍ ላይ ቆሜ ምንም የሚታይ ነገር በሌለበት ስልኬን ከኪሴ ሳወጣ ያ ቁልፍ ትዝ ይለኛል።

እንቅልፍ ማጣትን የሚያውቅ ሰው ግን ከሁሉም በላይ ይገባዋል። መንቃቱ በራሱ ያን ያህል አይከፋም። አልጋው ሞቋል፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ማንም ምንም አይፈልግብህም። የሚያደክመው ከመንቃቱ ጋር የሚደረገው ክርክር ነው። አሁን ብተኛ ሦስት ሰዓት አገኛለሁ። አሁን ብተኛ ሁለት ተኩል። ነገ በዚህ ዓይን ሰው ፊት እንዴት እቀርባለሁ? ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ነበርኩ፣ አንድ ነገር ሆኛለሁ ማለት ነው፣ ቆይ አጎቴም እንዲህ ነበር የጀመረው አይደል እንዴ... እንዲህ እንዲህ እያለ ይነጋል። በቡድሃ ትምህርት ውስጥ ስለ ሁለት ፍላጻዎች የሚነገር ምሳሌ አለ፤ የመጀመሪያው ይወጋሃል፣ ሁለተኛውን ግን ራስህ ነህ የምትጨምረው። መንቃቴ አንደኛው ነው። አጎቴን እዚህ ውስጥ ማስገባቴ ሁለተኛው።

"ታዲያ አታስበዋ" የሚሉኝ አሉ። ወገን፣ አይሆንም! ዳንኤል ዌግነር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ሙከራ ሰዎችን ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ አዘዛቸው፤ ድቡ በመጣ ቁጥር ደወል ይመታሉ። ደወሉ መች አረፈ። በኋላ "አሁን አስቡት" ሲባሉ ደግሞ፣ ከመጀመሪያው እንዲያስቡት ከተፈቀደላቸው ሰዎች ይልቅ ድቡ እየተደጋገመ መጣባቸው። የቪየናው የሥነ አእምሮ ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል ይህን የአእምሮ ግትርነት ያውቀው ነበር መሰለኝ፣ እንቅልፍ ለሚያጡ ሰዎች ለመተኛት ከመታገል ይልቅ ነቅተው ለመቆየት እንዲሞክሩ ነበር የሚመክረው።

እኔም "ነቅቻለሁ" እልና እዚያው አቆማለሁ። ከሱ በኋላ የሚመጣውን "ስለዚህ" አልከተለውም፤ ወይም እከተለውና ግማሽ መንገድ ላይ እመለሳለሁ። ትንፋሼን ቀስ አድርጌ አስወጣለሁ፣ ረዘም ያለ አወጣጥ የልብ ምትን ትንሽ ረገብ ያደርጋል። አንዳንድ ሌሊት ይሠራል፣ አንዳንድ ሌሊት አይሠራም። አስቂኙ ነገር፣ እንቅልፉን ለማምጣት ብዬ መንቃቴን የተቀበልኩ ስመስል አእምሮዬ ወዲያው ይነቃብኛል። "አሁን ተቀበልኩ፣ በል ና!" ብሎ መቀበል የለም።

ከባዱ ፈተና ግን ሌሊት አይደለም፣ ቀን ነው። እማዬ መርሳት ጀምራለች።

በአንድ ከሰዓት ውስጥ "እህትህ ደወለች?" ትለኛለች፣ እመልስላታለሁ። ጥቂት ቆይታ "እህትህ ደወለች እንዴ ልጄ?" ትለኛለች። የምትጠይቀኝ ሴት አንድ ናት፤ እኔ ግን የማወራው ከሦስት ጋር ነው። የሁላችንንም የልደት ቀን በቃሏ ከምታውቀው ከድሮዋ ጋር፣ ምናልባት አንድ ቀን ስሜን ከምትረሳው ከወደፊቷ ጋር፣ ከዚያ ጊዜ ከተረፈኝ ደግሞ እፊቴ ከተቀመጠችው ጋር። እፊቴ ያለችው ምንም የከበዳት ነገር የለም። ጠይቃለች፣ መልስ ትጠብቃለች፣ በቃ። "አዎ እማዬ፣ ጠዋት ደውላለች፣ ደህና ናት" ስላት ፊቷ ይፈካል። በድጋሚ ስትጠይቀኝም እንደ አዲስ ይፈካል። ነገሩን ተደጋገመ የምለው እኔ ነኝ እንጂ ለእሷ ወሬው ሁልጊዜ ትኩስ ነው።

ደስ ብሎኛል እያልኩ አይደለም። አንዳንዴ ያናድደኛል፣ ብዙ ጊዜ ያስፈራኛል። ያንን ፍርሃትም አብሬ አስቀምጠዋለሁ፣ ይቀመጥ። መቀበል ሲባል ብዙ ሰው እጅ መስጠት ይመስለዋል፤ ደመወዙን የተከለከለን ሰው ወይም ቤቷ ውስጥ የምትደበደብን ሴት "ተቀበሉት" ማለት ስድብ ነው፣ እንዲህ ያለ ጥሞና ይቅርብኝ። ሌላም አለ፦ ከባድ ነገር ያሳለፈ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጥ ሲመለከት ሊብስበት ይችላል። እንዲያ ከሆነ መተው ነውር የለውም። ዓይንን ገልጦ መሄድም አለ፣ ባለሙያ ማነጋገርም አለ።

እኛ ቤት ለረጅም ጊዜ የነበረው ግን የመቀበል ተቃራኒው ነው። "ደክሟት ነው"፣ "ዕድሜ ነው"፣ "እኔስ ቁልፌን የት እንዳስቀመጥኩ መቼ አስታውሳለሁ" እንባባላለን፣ እንስቃለን፣ ወሬ እንቀይራለን። ምንም አልሆነም ለሚባል ነገር ሐኪም ጋ የሚሄድ የለም። አንድ ቀን ታናሽ እህቴ አፏን ሞልታ "እማዬ ትረሳለች" አለች። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልተከራከረም። ቀጠሮ የተያዘው በዚያው ሳምንት ነው። መርሳት እኮ ከታይሮይድ ችግር፣ ከቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ከድባቴ፣ ከሚወሰድ መድኃኒትም ሊመጣ ይችላል፣ እነዚህ ደግሞ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። ላይሆንም ይችላል፣ የማይመለሰው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ሳልመርጥ ለመቀመጥ እየሞከርኩ ነው፣ ሞክሩትና እዩ፣ ቀላል አይደለም።

ስለ ቀጠሮ ማሰብ ነገ ላይ መኖር አይደለም ወይ የሚለኝ ይኖራል። አይመስለኝም። ጭንቀቱ ነገ ላይ ነው፣ ዝግጅቱ ግን እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እማዬ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ስምና መጠን ዛሬ ማታ ከየዕቃቸው ላይ እየገለበጥኩ ነው፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀን እሱን ነውና። የአንዱ ጽሑፍ ተፍቆ አይነበብም። ጠዋት ፋርማሲ ይዤው እሄዳለሁ።