ከማር ሰም የብርጭቆ ሻማ መሥራት ለሚጀምር ሰው

ሻማ በቤቱ መሥራት የሚፈልግ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠይቀው ስለ ሽታና ስለ ቀለም ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት የክሩ ውፍረት ከመያዣው ወርድ ጋር መስማማቱ ነው ባይ ነኝ። ሽታ የሌለው ሻማ አሁንም ሻማ ነው፤ ክሩ ከመያዣው ጋር ያልተስማማ ሻማ ግን ወይ በገዛ ሰሙ ሰጥሞ ይጠፋል፣ ወይ እያጨሰ ብርጭቆውን ያጠቁረዋል። መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ሻማ የፈለገ ሰው ደግሞ ከሁለቱ አንዱንም አይወድም።

ሰሙን በተመለከተ የምመርጠው የማር ሰም ነው፤ ምክንያቱም በአገራችን በቅርብ ይገኛል። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከቀዳሚዎቹ የማርና የሰም አምራቾች አንዷ ስትሆን፣ ሰሙም በአብዛኛው የሚመጣው ከባህላዊ ቀፎ ነው። በዘመናዊው ቀፎ ማሩ በማሽከርከሪያ ከወጣ በኋላ የማር እንጀራው ለንቦቹ ስለሚመለስ የሚተርፈው ሰም ጥቂት ነው፤ ከባህላዊው ቀፎ ግን ማሩ ከነእንጀራው ተቆርጦ ይወጣል፣ ጠጅ የሚጥሉ ሴቶችም በውኃ በጥብጠው ሲጥሉት ሰፈፉ ከላይ ይንሳፈፋል። ይህን ሰፈፍ ርካሽ አድርጎ መግዛት ይቻላል፤ ማጣራቱ ግን የገዢው ሥራ ነው።

ለማጣራት ሰፈፉን ብዙ ውኃ ካለው ድስት ውስጥ ጨምሮ በዝግታ ማሞቅ፣ ሙሉ በሙሉ ሲቀልጥም በአቡጀዲ ጨርቅ አጥልሎ ጨርቁን በደንብ መጭመቅ ያስፈልጋል። የወጣው ፈሳሽ ሳይነቃነቅ እስኪነጋ ቢቆይ ሰሙ ከውኃው በላይ ቢጫ ክብ ሆኖ ይረጋል፤ ክቡ ሲገለበጥ ከሥሩ የሚታየው ጥቁር ዝቃጭ በቢላዋ ይፋቃል። ሰሙ እስኪጠራ ድረስ ይህንኑ መደጋገም ነው። የብረትና የመዳብ ዕቃ የሰሙን መልክ ስለሚያበላሽ ድስቱ የአልሙኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ቢሆን ይሻላል። የተጣራው ሰም በውስጡ የውኃ ጠብታ ከቀረ ሻማው ሲነድ ስለሚንጣጣ፣ ተሰባብሮ በደንብ ሳይደርቅ ለሻማ አይቀርብም። በገበያ ተጣርቶ የተሸጠ ሰም የሚገዛ ሰው ደግሞ ሰብሮ ያሽትተው፦ ንጹሕ ሰም ማር ማር ይሸታል፣ ስብራቱም ሻካራና ድብዝዝ ነው፤ ሞራ የተቀላቀለበት ግን ጣት ላይ ይቀባል፣ ሲሞቅም የስብ ሽታ ያመጣል።

መያዣው ወፍራም የመርማላታ ብርጭቆ ወይም የዚያ ዓይነት ጎኑ ቀጥ ያለ ዕቃ ይሁን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ወርዱ ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነውን እመክራለሁ። ስስ የሻይ ብርጭቆ ሙቀቱን አይችልም። አፉ የጠበበ ዕቃ ነበልባሉን አየር ያሳጣዋል። ያልተቀባ ሸክላ ምንም ቢያምር ሰሙን ስለሚመጥ መያዣው ራሱ እንደ ክር ሆኖ እሳት ሊይዝ ይችላል፤ ስለ ፕላስቲክና ስለ እንጨት መናገርም አያስፈልግም።

አሁን ወደ ክሩ እንምጣ። የሻማ ክር እንደ ኩራዝ ክር የቀለጠውን ሰም ወደ ላይ ይስባል፤ የሚነደውም በዋናነት ክሩ ሳይሆን በነበልባሉ ሙቀት ወደ ጋዝነት የተለወጠው ሰም ነው። ቀጭን ክር ጥቂት ሰም ስለሚስብ ነበልባሉ ትንሽ ይሆናል፣ የሚያቀልጠውም ዙሪያውን ብቻ ስለሆነ መሐሉ እየተቦረቦረ ይወርዳል፣ በብርጭቆው ግድግዳ ላይም ያልነደደ ሰም ይቀራል። ወፍራም ክር ደግሞ ሊያቃጥለው ከሚችለው በላይ ሰም ስለሚስብ ትርፉ ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። የማር ሰም ሲቀልጥም ወፈር ያለ ፈሳሽ በመሆኑ ለፓራፊን ከሚበቃው ክር ጠንከር ያለ ይፈልጋል። ክሩ ንጹሕ ጥጥ መሆን አለበት፤ ናይሎን የተቀላቀለበት ይቀልጣል እንጂ አይስብም። የተጎነጎነ ክር ከተገመደው የሚመረጠው፣ ሲነድ ጫፉ ጎንበስ ብሎ ከነበልባሉ ጠርዝ ስለሚወጣና እዚያው አመድ ሆኖ ስለሚያልቅ ነው።

በእጅ የተፈተለ የጥጥ ፈትል ያለው ሰው ሦስት ዓይነት ውፍረት ያላቸውን ጉንጉኖች ያዘጋጅ፤ ለመነሻ ያህል ባለ 9፣ ባለ 12 እና ባለ 15 ፈትል ቢሆኑ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። እያንዳንዱ ጉንጉን በቀለጠ ሰም ውስጥ ሲነከር በውስጡ የነበረው አየር በጥቃቅን አረፋ ይወጣል፤ አረፋው ሲያቆም አውጥቶና ወጥሮ ማድረቅ ነው። ከዚያ የክሩ ጫፍ በብረታ ብረት መሸጫ በምትገኝ ትንሽ ሮንዴላ ላይ ይታሰራል። በሰም ጠብታ ብቻ የተጣበቀ ክር ትኩሱ ሰም ሲፈስበት ይላቀቃል፤ ሮንዴላዋ ግን በክብደቷ ይዛው ትቀመጣለች። የላይኛው ጫፍ በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ መቆንጠጫው በብርጭቆው አፍ ላይ ይጋደም፤ ክሩ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ በዚያ በኩል ያለው ብርጭቆ ከመጠን በላይ ይግላል።

ንጹሕ የማር ሰም ብቻውን ለብርጭቆ ይጠነክራል፤ ሲረጋም ስለሚኮማተር ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሦስት እጅ ሰም ከአንድ እጅ የኮኮናት ዘይት ጋር መቀላቀል የተለመደ ነው። እንደ ድሬዳዋ ወይም እንደ ዓረብ አገሮች ባለ ሙቀት ግን ዘይቱን መቀነስ ይሻላል። መጠኑን ለማወቅ ብርጭቆውን ሰሙ ይደርሳል እስከተባለበት ድረስ በውኃ ሞልቶ ውኃውን መለካት፣ በሚሊ ሊትር የተገኘውንም በ0.9 ማባዛት ይበቃል፦ 200 ሚሊ ሊትር ከሆነ የሚያስፈልገው 180 ግራም ነው፤ ይህም 135 ግራም ሰምና 45 ግራም ዘይት ማለት ነው። ከተለካ በኋላ ብርጭቆው ጠብ የማይል እስኪሆን ይድረቅ።

ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። ሰሙ ያለበት ዕቃ የፈላ ውኃ በያዘ ድስት ውስጥ ተቀምጦ ይቅለጥ፤ የማር ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፣ አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኑ ደግሞ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና ውኃው እስካላለቀ ድረስ ሰሙ ከዚያ አያልፍም። ቢሆንም ትቶት መሄድ አይገባም፤ ልጆችም ከምድጃው ይራቁ። ድንገት እሳት ቢይዝ ክዳን መክደንና ምድጃውን ማጥፋት እንጂ ውኃ መድፋት ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ውኃው ከሰሙ ሥር ገብቶ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ የሚነደውን ሰም በየአቅጣጫው ይረጨዋል።

ዘይቱ ተጨምሮ ድብልቁ 75 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ አስቀድሞ ሞቅ ወዳለው ብርጭቆ በዝግታ ይፈስሳል፤ ከላይ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይተዋል፣ ጥቂት ሰምም ለኋላ ይቀመጣል። ነፋስ እንዳያገኘው ካርቶን ደፍቶበት መተው ጥሩ ነው። መርጋቱ ከጠርዝ ይጀምርና ቢጫው እየደፈረሰ ወደ መሐል ይገባል፤ በመጨረሻ በክሩ ዙሪያ ትንሽ ጉድጓድ ቢታይ የተቀመጠውን ሰም አቅልጦ መሙላት ነው።

ስለ ሽታ ብዙ አልልም። የማሩ መዓዛ ለእኔ ይበቃኛል፤ የሚፈልግ ግን ከተክል የወጣ ንጹሕ የመዓዛ ዘይት እስከ 5 በመቶ፣ ማለትም በዚህ ልክ እስከ 9 ግራም፣ ይጨምር። አልኮል ያለበት ሽቶ አይገባም። በየፎቶው የምናየው የደረቀ አበባና የቡና ፍሬ የተነሰነሰበት ሻማ ለዓይን እንጂ ለማብራት አይደለም፤ ነበልባሉ ሲደርስበት እሳት ይይዛል። ዕጣን የሚወድም ከሻማው ጎን ማጨሻ ያቅርብ እንጂ ሰሙ ውስጥ አይበትን፤ ክሩን ይደፍነዋል።

በሦስቱ ጉንጉኖች፣ በአንድ ዓይነት ብርጭቆና ድብልቅ የተሠሩት ሦስት ሻማዎች ከሁለት ቀን በኋላ ክራቸው በ6 ሚሊ ሜትር ተቆርጦ ጎን ለጎን ይለኮሱ። ከሦስት ሰዓት ገደማ በኋላ የቀለጠው ሰም ከዳር እስከ ዳር የደረሰበት፣ ጭስ የሌለበትና ነበልባሉ የማይንቀጠቀጥበት ሻማ የሚፈለገውን ክር ይዟል ማለት ነው። በክሩ ጫፍ ላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ከሰል ከታየ ወይም የቀለጠው ሰም ጥልቀት ከ1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ካለፈ ክሩ ወፍሯል። ይህ ውጤት የሚያገለግለው ለዚያ ብርጭቆና ለዚያ ድብልቅ ብቻ ነው፤ በውጭ አገር የአኩሪ አተር ሰም የሚጠቀሙ አንባቢዎች ፈተናውን እንደ አዲስ ይጀምሩ፣ ያ ሰም በ50 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥና ለስለስ ያለ ነው። እስከ መጨረሻው ያልተፈተነ ሻማ ለሰው መስጠት አይገባም ባይ ነኝ።

ከሥር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰም ሲቀር ሻማው ይጥፋ፤ ከዚያ በታች ከወረደ ሙቀቱ የብርጭቆውን መቀመጫ ሊሰነጥቀው ይችላል። ብርጭቆው ቀዝቅዞ ለጥቂት ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ቢቀመጥ የቀረው ሰም ተኮማትሮ በቢላዋ ጫፍ ይላቀቃል፤ ሮንዴላዋም አብራው ትወጣለች። በፈላ ውኃ አጥቦ ወደ መታጠቢያ ገንዳ መድፋት ቧንቧውን ስለሚደፍነው ብርጭቆውን በወረቀት መወልወል ይበቃል፣ የወጣው ሰምም ለሚቀጥለው ቅልጥ ይቀመጣል።