ከሹቴ በፊት ፓስፖርቴ ይታያል

እናቴ ኢትዮጵያዊት፣ አባቴ ስዊድናዊ ነው። ያደግኩት በቅርጫት ኳስ ስሟ በሚነሳው የስዊድን ከተማ ሶደርቴልዬ ነው። ከዚያ ጀርመን፣ አሁን ደግሞ ፖርቱጋል እጫወታለሁ።

ክለቦች ስለ ውጭ ተጫዋች ሲጠይቁ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ያገባል?» አይደለም። «ፓስፖርቱ የየት ነው?» ነው። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 በእግር ኳስ ተጫዋቹ ቦስማን ጉዳይ የሰጠው፣ የኅብረቱን ዜጎች በዜግነታቸው መገደብን የከለከለው ውሳኔ ለእኛም ተርፏል። የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት የያዘ ያለ ሥራ ፈቃድ ጣጣ ይፈርማል። ሊጎቹ ግን የየራሳቸው ገደብ አላቸው። እኔ በተጫወትኩበት የጀርመን ሁለተኛ ሊግ ሜዳ ላይ ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት ጀርመናውያን መኖር አለባቸው። ከአምስቱ ለእኛ ለውጭዎቹ የሚተርፈው ሦስት ቦታ ነው። እሱንም አሜሪካውያን ይሻሙታል፤ የሚቀጠሩትም ነጥብ እንዲያስቆጥሩ ነው።

በነጥብ ብፎካከራቸው አልችላቸውም። ስለዚህ የተቃራኒን ምርጥ ተጫዋች መያዝን ሥራዬ አደረግኩት። ለክለቦች የላክሁት ቪዲዮ ላይ ደንክ (ዘሎ ኳሱን ቅርጫቱ ውስጥ መክተት) የለም ማለት ይቻላል። መከላከል፣ ሪባውንድ (የሳተ ኳስ መያዝ)፣ ከጥግ የሚወረወር ሦስት ነጥብ፣ በቃ። ወኪሌ «ይሄን ማን ያየዋል?» አለኝ። አሰልጣኙ አየው።

ውል ላይ ግትር ነኝ። ደመወዙ ከግብር በኋላ ስንት ነው? ብጎዳ ይቀጥላል? የወኪሉን ኮሚሽን የሚከፍለው ማነው? ብዙውን ጊዜ አሥር በመቶ ነው፤ ክለቡ እንዲከፍል አስጽፋለሁ። ጠብ ከተነሳ ደግሞ ጉዳዩ ጄኔቫ በሚገኘው የቅርጫት ኳስ የግልግል ፍርድ ቤት እንዲታይ የሚል አንቀጽ ሳይገባ አልፈርምም። አንድ ክለብ ደመወዝ ሲያዘገይብኝ ይህን አንቀጽ ጠቅሼ ደብዳቤ ጻፍኩ። ብሩ ገባ።

የኢትዮጵያን ማልያ ለምን አልለበስክም የሚሉኝ አሉ። አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። እንደ እኔ ያለ ልጅ 18 ዓመት በሞላው በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ካልተወ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። እማዬ «እንጀራህን አትዝጋ» አለችኝ። የስዊድኑን ያዝኩ። ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ስላለኝ አዲስ አበባ ያለ ቪዛ እገባለሁ፤ የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽኑ ፊባ ግን የሚያየው ፓስፖርት ነው። እውነቱን ለመናገር አሁንም ያንገበግበኛል።

ፖርቱጋል ስመጣ ደግሞ ባሰብኝ። እዚህ የኬፕ ቨርዴ ዘር ያላቸው ተጫዋቾች ሞልተዋል። ያቺ ትንሽ አገር እ.ኤ.አ. በ2023 ለመጀመሪያ ጊዜ የቅርጫት ኳስ ዓለም ዋንጫ ስትገባ ብዙ ዲያስፖራ ልጆቿን አሰልፋ ነበር። አገራቸው ሁለት ፓስፖርት ትፈቅድላቸዋለች። ክልስ ልጅ ያላቸው ወላጆች ሲያማክሩኝ ከሹት በፊት ስለ ዕድሜ የምነግራቸው ለዚህ ነው። የወላጁ አገር ከፈቀደ ሁለተኛው ፓስፖርት 16 ዓመት ሳይሞላ ይውጣ። ከዚያ በኋላ ከወጣ ፊባ የሚያየው እንደ ዜግነት ተቀባይ ነው፤ አንድ ብሔራዊ ቡድን ደግሞ እንዲህ ያለ ተጫዋች ከአንድ በላይ ማሰለፍ አይችልም።